ፊኛው የባለታሪኳ፣ ሳጥኑ ያንተ

ጥያቄ፦ «የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አሁን በግራፊክ ዲዛይን ነው የምተዳደረው። ከጎርፉ የተረፉ 11 ሰዎችን በስልኬ ቀርጫለሁ፤ እውነተኛ ታሪኩን በኮሚክስ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል፣ ልሠራው ነው። ሲያወሩ ይደጋግማሉ፣ ያቋርጣሉ። ንግግራቸውን ባሳምረው ችግር አለው? ልጅ የሞተባቸውን ሦስት እናቶች ደግሞ አንድ ገጸ ባህሪ ላደርጋቸው አስቤያለሁ። ስማቸውን ስለምቀይር ፈቃድ የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም። አንድ ነገር ደግሞ ግራ ገብቶኛል፤ አንዷ ውሃው የመጣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው ትላለች፣ ሌላው 10 ሰዓት ይላል። የማንን ልያዝ?»

የድሬ ልጅ ስለሆንክ «አንተ» ብልህ አትቀየምም። የ«አንተ»ን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከፈቃዱ ልጀምር፤ እዚያ ላይ ተሳስተሃል። ስም መቀየር ሰው አይደብቅም። ድሬ የቱንም ያህል ብትሰፋ ሰፈር ሰፈር ነው። «ደቻቱ ዳር ሻይ ትሸጥ የነበረችው፣ ሁለት ልጆቿን ውሃ የወሰደባት» ብለህ ከሳልካት፣ ስሟን እንደፈለግህ ብትቀይረው ጎረቤቷ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያውቃታል። ፎቶ ላይ ፊት ማደብዘዝ ይቻላል። በስዕል ግን ሰው የሚታወቀው በፊቱ ብቻ አይደለም። በአቀማመጡ፣ በሻሽ አስተሳሰሩ፣ በበሩ ቀለም ሳይቀር ይታወቃል። ሥራህ ጥሩ በሆነ ቁጥር ሰውየው ይበልጥ ይታወቃል።

ደግሞስ መደበቅ እንደሚፈልጉ ማን ነገረህ? ስም መሸፈን ሁልጊዜ ክብር ይመስለናል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን ዞሯል። የእነዚያ ሰዎች ፊት በየሳሎኑ ታየ፤ ስማቸውና ንግግራቸው ግን አብሮ አልሄደም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። ስለዚህ ከ11ዱ መካከል «ስሜ ይጻፍ፣ የልጄም ስም ይጻፍ» የሚል ቢኖር አትገረም። ጠይቅ።

ሲጠየቁ ደግሞ ፈቃዱ አንድ አይደለም። ለመቀረጽ እሺ ያለች ሴት ለመሳል እሺ አላለችም። ለመሳል እሺ ብትልም ሥዕሉ ቴሌግራም ላይ እንዲዞር እሺ አላለችም። ሦስቱን ለየብቻ ጠይቅ፣ በምትናገረው ቋንቋ ጠይቅ። ወረቀት አውጥተህ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ካልክ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ መሬት ወይም እርዳታ ያለበት ነገር ይመስላቸዋል። እሺታቸውን በድምፅ ብትቀዳው ይሻላል። ሕጉንም አትርሳ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። ከማሳተምህ በፊት አንድ ጠበቃ ያንብብልህ፤ የእኔ ሙያ እስከዚያ አይደርስም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፣ ወደ ማሳመሩ።

በእውነተኛ ታሪክ ኮሚክስ ውስጥ ከሰው አፍ የሚወጣው፣ ንግግር የሚጻፍበት ፊኛ የጥቅስ ምልክት ማለት ነው። አንባቢ ፊኛ ሲያይ «ይህን እሷ ብላለች» ብሎ ነው የሚያነበው። ከፍሬሙ (ከእያንዳንዱ የሥዕል ክፍል) ላይ ወይም ታች ያለው አራት ማዕዘን ሳጥን ግን የአንተ ነው። የሞቱት ሰዎች ቁጥር፣ ቀኑ፣ የዝናቡ ነገር፣ ያንተ አስተያየት እዚያ ይገባል። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህን ያዝ፦ ፊኛው የእሷ ነው፣ ሳጥኑ ያንተ ነው፣ አይቀላቀሉም። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሠሪው የራሱን ሐሳብ በባለታሪኩ አፍ ሲያስገባ ነው።

በምሳሌ ላሳይህ። ይህን ለማስረዳት እኔው ያዘጋጀሁት ነው፣ የማንም ቃል አይደለም። አንዲት እናት እንዲህ አለችህ እንበል፦

«እ... እኔማ አልሰማሁም አቦ። ልጅቷ ናት። እማ ውሃ አለችኝ። ዝም በይ ተኚ አልኳት። ተኚ አልኳት እኮ። ከዛ እግሬን ሳወርድ... እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ቀዘቀዘኝ።»

«ያሳመርከው» እንዲህ ይሆናል፦

«ልጄ ውሃ እየመጣ መሆኑን ስትነግረኝ አላመንኳትም። በዚያች ጨለማ ሌሊት ሞት በራችንን ያንኳኳ ነበር።»

ሁለተኛው ሰዋስው አለው፣ ሰው የለበትም። ሞት በር ሲያንኳኳ የሰማኸው አንተ ነህ፤ እሷ አላለችም። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ድግግሞሽ ነው ብለህ «ተኚ አልኳት እኮ»ን ማውጣትህ ነው። የሴትየዋ 20 ዓመት ያለው እዚያች «እኮ» ላይ ነው።

ታዲያ ሁሉም ይቅር፣ አንዲት ቃል አትነካ ማለቴ አይደለም። ኮሚክስ ቦታ የለውም። ፊደላችን ሰፊ ነው፣ ግሶቻችን ረጃጅም ናቸው፤ አንድ ፊኛ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ቃል ካለፈ ሥዕሉን ይበላዋል። ስለዚህ ቁረጥ። መቁረጥ ይቻላል፣ መጨመር አይቻልም። ቅደም ተከተል መቀየርም የሚቻለው ምን ምንን እንዳስከተለ ካላዛባ ብቻ ነው። ያንን ንግግር እኔ ብሠራው አራት ፍሬም እሰጠዋለሁ። አንደኛው ላይ ሴትየዋ ዛሬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ «እኔማ አልሰማሁም አቦ። ልጅቷ ናት።» ሁለተኛው ጨለማ ክፍል ነው፣ አልጋ፤ «እማ ውሃ አለችኝ። ዝም በይ ተኚ አልኳት።» ሦስተኛው ጥቁር ብቻ፣ ምንም ሥዕል የለውም፤ «ተኚ አልኳት እኮ።» አራተኛው እግር ነው። «እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ቀዘቀዘኝ።» ውሃውን አልስለውም። የወጣው አንድ «እ...»፣ አንድ «ከዛ»ና አንድ ድግግሞሽ ነው፤ የገባ ነገር የለም።

ወደ «አንተ» ልመለስ። የድሬ እናት ለፖሊሱም፣ ለቀበሌው ሊቀመንበርም፣ በዕድሜ ለሚበልጣትም «አንተ» ልትል ትችላለች። ንቀት አይደለም፣ የከተማው ወግ ነው። ረቂቅህን አዲስ አበባ ላለ አራሚ ከሰጠኸው ግን በደግነት ሁሉንም «እርስዎ» አድርጎ ይመልስልሃል። «አቦ»ዋንም ያወጣታል። ያኔ ባለታሪኳ ድሬን ለቅቃ ሄደች ማለት ነው። ለአራሚህ አስቀድመህ ንገረው፦ ሳጥኑን እንደፈለገ ያርም፣ ፊኛ አይነካም።

በተቃራኒው ያለው ጥፋትም አለ። ከቀረጽካቸው መካከል በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ የነገሩህ ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። ንግግራቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «የባላገር አማርኛ» ይለብሳል፣ ድራማ ላይ ለማሳቅ የሚጠቀሙበት ዓይነት። ሰውየው በራሱ ቋንቋ ጥርት አድርጎ ተናግሮ ሳለ በትርጉም ኮልታፋ ይሆናል። በቋንቋው ጥሩ ተናጋሪ ከሆነ በአማርኛም ጥሩ ተናጋሪ ይሁን። ምርጫው ሁለት ነው። ቦታ ካለህ ፊኛው ውስጥ በራሱ ቋንቋ ጻፈው፣ አማርኛውን ሳጥን ውስጥ አድርግ። ቦታ ከሌለህ ፊኛው ውስጥ አማርኛውን አስገባና የፊኛውን ጠርዝ ለየት አድርገህ ሣል፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ «ይህ ጠርዝ ከኦሮምኛ የተመለሰ ነው» በል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ሦስቱን እናቶች አንድ ማድረግ ግን አይሆንም። ለምን እንዳሰብከው ይገባኛል፤ ገጽ ይቆጥባል፣ አንባቢም አንድ ሰው ይከተላል። ግን የምታደርገው ምንድን ነው? ሦስት ሐዘን ወስደህ ለአንዲት ለሌለች ሴት ታሸክማታለህ። መጽሐፉ ወጥቶ አንደኛዋ ስታየው የገዛ ልጇን ሞት በማታውቃት ሴት አፍ ታገኘዋለች። ሌላዋ ደግሞ የእሷን ታሪክ ትጠብቅና ያልደረሰባት ተጨምሮበት ታገኛለች። ሌላም ጣጣ አለው። አንድ ሰው ተነስቶ «እንዲህ ዓይነት ሴት የለችም» ቢል እውነቱን ነው፤ የቀረውም ሥራህ አብሮ ይጠረጠራል። ሰዎችን አንድ ላይ ማዋሃድ የምቀበለው ባለታሪኩ ቢታወቅ አደጋ የሚደርስበት ከሆነ ብቻ ነው። ያኔም መቅድም ላይ ሳይሆን እዚያው ገጽ ላይ በሳጥን መነገር አለበት። መቅድም ማንም አያነብም።

ከባድ አደጋን በጥቂት ሰዎች መንገር ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። ጆሽ ኒውፌልድ የሚባለው አሜሪካዊ ስለ ካትሪና አውሎ ነፋስ የሠራውን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ማብቂያ ላይ የኒው ኦርሊንስ ከተማ አብዛኛው ክፍል በውሃ ተጥለቅልቆ ነበር። እሱ ከቀይ መስቀል ጋር በበጎ ፈቃድ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ የጥቂት ነዋሪዎችን ታሪክ መርጦ ያዘ። መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ በተከታታይ አወጣው፣ በ2009 መጽሐፍ ሆነ። አንዱ ባለታሪክ ሲሰበስበው የኖረው ኮሚክስ ሁሉ በጎርፍ ያለቀበት ሰው ነው፤ እኔን እሱ ገጽ ላይ አንጀቴን በላው። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ሌላዋ ናት። ሰው ታጉሮበት በነበረው የስብሰባ ማዕከል የቆየች ሴት ናት። በዚያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ ስለ ወሮበሎች ነበር የሚያወራው። እሷ ያየችው ግን እነዚያው መሣሪያ የያዙ ጎረምሶች ውሃ አምጥተው ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሲያድሉ ነው። ይህን ከሌሎች ሰዎች ታሪክ ጋር ቀላቅሎ «አንዲት ተፈናቃይ» ቢያደርጋት ኖሮ ቃሏ ማስረጃ መሆኑ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ከ11ዱ አራቱን ምረጥ፤ ሦስቱ እናቶች ከአራቱ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀሩት ሰባቱ አልባከኑም። ያዩት ነገር የአራቱን ቃል ለማመሳከር ይጠቅምሃል። የቤቱ አሠራር፣ የመንገዱ መብራት፣ የዚያን ሰሞን ገበያው፣ ይህ ሁሉ ከእነሱ ይመጣል። ለሁሉም ግን አስቀድመህ ንገራቸው። ሳይነገረው «የኔ የት አለ?» ብሎ መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ፊት ላይ ማየት ከባድ ነው።

ስለዚያች ሌሊት ንግግሮች ደግሞ ላስጠንቅቅህ። ያኔ ማንም አልቀዳም። እናት ለልጇ ያለችውን አንተ አታውቅም፣ እሷ ታስታውሳለች። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጥሩው ዘዴ ተናጋሪዋን እንደ ዛሬዋ መሣል ነው፤ ሽበቷ፣ ደጃፏ፣ ቡናዋ። የድሮውን ሌሊት የሚያሳዩት ፍሬሞች ዝም ይበሉ፣ የዛሬ ድምፅዋ ይሂድባቸው። የግድ የድሮ ንግግር ካስፈለገህ ፊኛውን በተቆራረጠ መስመር ሣለው። አንባቢ በሁለተኛው ገጽ ይገባዋል።

የጎርፉን ምክንያት ለማስረዳትም ባለታሪክን አትጠቀም። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደው ውሃ ያንን ሁልጊዜ አሸዋ የሆነውን ደቻቱን ሞልቶ ተኝቶ የነበረ ሰው ላይ ደረሰ፤ ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደኑ መመንጠሩ፣ ቤቶቹ ወንዙ ዳር መሠራታቸው፣ ይህ ሁሉ የሳጥን ጉዳይ ነው። አንዷ ባለታሪክ «የፈጣሪ ቁጣ ነው» ካለችህ ፊኛው ውስጥ እንዳለ ይግባ። አታርማት፣ አታሹፍባት፣ አፏ ውስጥ የሃይድሮሎጂ ትምህርት አትክተትላት። ሳጥኑ ስለ ዝናቡ ይናገር፣ እሷ ስለ ቁጣው ትናገር። አንባቢ ሁለቱንም ችሎ ያነባል።

ሬሳ ስለመሣል አልጠየቅህም፤ ይመጣብሃል ግን። የሞተ ሰው ፊት አትሣል። ቤተሰብ አለው፣ እሱም ፈቃድ አልሰጠም። እባክህ ደግሞ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ የሕፃን ጫማም አትሣል። ስለ ጎርፍ የተሳለ ነገር ባየሁ ቁጥር ያ ጫማ አለ፣ ሰልችቶኛል። እሷ ራሷ የጠቀሰችው ዕቃ ካለ እሱን ሣል፤ ምጣድ ይሁን፣ ሬድዮ ይሁን። ያልጠቀሰችውን አትፍጠር።

ዕቃና ቦታ ላይ እኔም ተሰናክያለሁ። ከዓመታት በፊት ከጎርፍ የተረፉ አንዲት እናት ከቤታቸው ሲሸሹ ስዬ፣ ገጹን ይዤ ሄድኩ። ብዙ አዩት። ከዚያ በጣታቸው እየነኩ፣ «ልጄ፣ በዚህ በኩል ሮጬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንተን አላወራህም» አሉኝ። ለገጹ አቀማመጥ ስለተመቸኝ ወደ ውሃው ነበር ያስሮጥኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከመሣሌ በፊት ባለታሪኩ ቤቱን መሬት ላይ በእንጨት እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፦ አልጋው የት ነበር፣ በሩ የት ነበር፣ ውሃው ከየት መጣ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንተም 11ዱን ዳግም ስታገኛቸው ይህን አድርግ።

ዳግም ታገኛቸዋለህና። የተሣለውን ገጽ ሳታሳያቸው እንዳታሳትም። ስታሳይም «አንብቢውና ደውዪልኝ» ብለህ ትተህ አትሂድ። ማንበብ የማይችል አለ። ማንበብ የሚችልም ቢሆን ከየትኛው ፍሬም ወደየትኛው እንደሚኬድ ላያውቅ ይችላል፤ ኮሚክስ ማንበብ የሚለመድ ነገር ነው። አጠገባቸው ተቀመጥ፣ በጣትህ እያሳየህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። ፊታቸውንም እያየህ። የራሳቸውን ቃልና የራሳቸውን ምስል የመቀየር፣ ጨርሶም የማውጣት መብት አላቸው፤ ይህን ከመጀመሪያው ንገራቸው። ሳጥኑ ውስጥ ስለ መንግሥት ሥራ ወይም ስለ ሌላ ሰው የጻፍከውን ግን የምትወስነው አንተ ነህ። ይህንንም ከመጀመሪያው ንገራቸው። ገንዘብ ለቃላቸው አትክፈል፣ የተገዛ ቃል ይሆንብሃል። የትራንስፖርቱንና የዋለችበትን የሥራ ቀን ግን ቻል፤ መጽሐፉ ከተሸጠ ደግሞ ምን እንደሚደርሳቸው አሁን ተነጋገሩ።

ጥንቃቄ አንድ፦ ዳግመኛ ስትሄድ በሐምሌና በነሐሴ አትሂድ፣ ራሳቸው ካልመረጡ በቀር። ጣሪያ ላይ ዝናብ እየወረደ ስለዚያ ሌሊት መጠየቅ ጭካኔ ነው። ሁለተኛ፣ ከሌሊቱ አትጀምር። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ጀምር፤ ራት ምን ነበር፣ ማን ነበር ቤት። ስትጨርስም ውሃው ላይ ትተሃቸው አትነሳ። ዛሬ ስላለው ልጅ፣ ስላለው ሥራ አውርታችሁ ተለያዩ። ከእህት ወይም ከጎረቤት ጋር መሆን ከፈለጉ ይሁኑ። ካለቀሱ ስልኩን አጥፋው። «ለጥሩ ትዕይንት ይሆናል» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ለዚያን ቀን ሥራው ይብቃህ።

አንድ ገደብ ደግሞ አለ። ያንተ ታሪክ 20 ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሰዎቹ ቢያንስ ጊዜ አግኝተዋል። በሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ጎፋ ዞን መሬት ሲናድ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትን ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። እዚያ ስለ ሞቱት የሚነግርህ ሰው ራሱ ለምን እንደተረፈ ገና እየጠየቀ ነው። «ድሬን ስጨርስ ወደ ጎፋ» ብለህ ካሰብክ ቆይ። ያ ሥራ ቋንቋውን የሚያውቅ የአካባቢው ልጅ ያስፈልገዋል፣ ጊዜም ያስፈልገዋል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የማንንም አትያዝ። የስምንት ሰዓቷ ፊኛ ውስጥ 8፣ የአሥር ሰዓቱ ፊኛ ውስጥ 10 ይጻፍ። ሳጥን ውስጥ ገብተህ አታስታርቃቸው። ከዚያ በፊት ግን ለሁለቱም ደውልና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ሰዓቱን በምን አወቅሽ? በምን አወቅህ?» አንዷ የግድግዳ ሰዓት አይታ ይሆናል። ሌላው ጣሪያ ላይ ሆኖ አዛን ሲሰማ ገምቶ ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ የሚነግርህ ውሃው የመጣበትን ሳይሆን መትረፉን ያወቀበትን ሰዓት ነው። ከሆነ ያንን ጣሪያ ሣለው።